ሜሎን ከፕሮሹቶ ጋር፦ ጣፋጭ ፍሬንና ጨዋማ ሥጋን ስለማጣመር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በጣልያን ሙቀቱ ሲበረታ ብዙ ቤት ውስጥ ምድጃ አይለኮስም። አንድ የበሰለ፣ ውስጡ ብርቱካናማ የሆነ ሜሎን ይቆረጣል። በላዩ ላይ በጨው የደረቀ፣ ብርሃን እስኪያሳልፍ የሳሳ የአሳማ ሥጋ ጣል ይደረጋል። ምሳው ደረሰ። እኛ አበሾች ፍራፍሬና ሥጋ አንድ ሳህን ላይ ሲገናኙ ግራ ይገባናል። ፍራፍሬ ለእኛ ከምግብ በኋላ የሚመጣ ነው፣ ወይም ጁስ ሆኖ የሚጠጣ። ስለዚህ አውሮፓ የሚኖሩ፣ ጣልያን ምግብ ቤት የሚሠሩ ወይም ነገሩን አይተው የጓጉ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸውን ጥያቄዎች ሰብስቤ እዚህ መልሻለሁ። አሳማ የማትበሉ አንባቢዎችም አትለፉት። ለእናንተ የሚሆን ብዙ ነገር አለ።

ፕሮሹቶ ምንድን ነው? ጥሬ ነው እንዴ?

በጨው የደረቀ የአሳማ ታፋ ነው። እሳት አይነካውም። በዚህ በኩል አዎ፣ አልበሰለም። ግን ዛሬ ከሥጋ ቤት እንደተገዛ ጥሬ ሥጋ አትዩት፤ ጨውና ጊዜ ሠርተውበታል። «ፕሮሹቶ ኮቶ» የሚባል የተቀቀለ ዓይነትም አለ። ሳንድዊች ውስጥ የሚገባው ያ ነው። ለፍራፍሬ የሚፈለገው «ክሩዶ» የሚባለው፣ ያልተቀቀለው ነው። ስትገዙ ይህን አትርሱ።

ስመ ጥሩው የፓርማ ፕሮሹቶ ነው። የሚሠራው በሰሜን ጣልያን፣ ከፓርማ ከተማ በስተደቡብ ባሉት ኮረብታዎች፣ በተለይ ላንጊራኖ በምትባል ከተማ ዙሪያ ነው። የሚገባበት ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ የአሳማ ታፋና የባሕር ጨው። ናይትሬትና ናይትራይት የሚባሉት ማቆያዎች አይፈቀዱም። አሳማዎቹ ከሚመገቡት ውስጥ የፓርሚጃኖ አይብ ሲሠራ የሚተርፈው አጓት አለ። ጨው የሚቀባው ሰው ራሱን የቻለ ባለሙያ ነው፤ «ማይስትሮ ሳላቶሬ» ይሉታል። ካበዛው ሥጋው አይበላም። ካሳነሰው ይበላሻል።

ታፋው ጨው ከጠጣ በኋላ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ለወራት ያርፋል። ከዚያ ይታጠባል፣ ይሰቀላል፣ አየር ይመታዋል። ቆዳ የሌለው ወገኑ ከመጠን በላይ እንዳይደርቅ የአሳማ ሞራ ከሩዝ ዱቄትና ከጨው ጋር ተለውሶ ይቀባል። በመጨረሻም አንድ መርማሪ ከፈረስ አጥንት በተሠራ ወስፌ ታፋውን እየወጋ ያሸታል። የፈረስ አጥንት ሽታን ቶሎ ይይዛል፣ ቶሎም ይለቃል። ለዚህ ነው የተመረጠው። ፈተናውን ያለፈው ታፋ ቆዳው ላይ ባለ አምስት ጫፍ ዘውድ በጋለ ብረት ይታተምበታል። ይህ ሁሉ ከአንድ ዓመት በላይ ይፈጃል። ክብደቱም ከሩብ በላይ ይቀንሳል። ዋጋው ቢወደድ አይግረማችሁ።

በስተምሥራቅ፣ በፍሪውሊ፣ የሚሠራው የሳን ዳኒየሌ ፕሮሹቶ ሰኮናው ሳይቆረጥ ስለሚቀር ከሩቅ ይለያል። ለሜሎን ሁለቱም ይሆናሉ።

ጣፋጭና ጨዋማ ለምን ይስማማሉ?

ቡና በጨው በሚጠጣበት አካባቢ ያደገ ሰው የመልሱን ግማሽ ያውቀዋል። ጨው የቡናውን ምሬት ይሰብረዋል። ሜሎን ላይም የሚሆነው እንዲሁ ነው። ፍራፍሬ ውስጥ ከስኳሩ ሥር ትንሽ ምሬት አለ። ጨው ሲያገኘው ድምፁ ይጠፋል፤ ጣፋጩ ጎልቶ ይወጣል። ስኳር የጨመረ የለም። ምላሳችን ግን ሜሎኑን የበለጠ ጣፋጭ ሆኖ ያገኘዋል።

ሌላው ምክንያት ከጊዜ የሚመጣ ነው። ሥጋው ተሰቅሎ በሚከርምባቸው ወራት ፕሮቲኑ ቀስ እያለ ይፈራርሳል። ከዚያ ከሚወጡት ነገሮች አንዱ ግሉታሜት ነው። ጥሩ መረቅ ስንጠጣ አፋችንን የሚሞላው፣ «ኡማሚ» የሚባለው ጣዕም የእሱ ነው። ሜሎንና በለስ (የዛፉ ፍሬ፣ እሾሃማው የቁልቋል በለስ አይደለም) ይህ ጣዕም ይጎድላቸዋል። ፕሮሹቶው ይሞላላቸዋል።

ከዚያ ደግሞ ስብና ውሃ አለ። የፕሮሹቶ ስብ በአፍ ሙቀት ይለሰልስና ምላስን ይሸፍናል። ሜሎን 90 በመቶ ገደማው ውሃ ነው። ያ ውሃ ስቡን ያጥበዋል፣ የጨውን ጥማት ያበርዳል። ለዚህ ነው አንዱ ጉርሻ ሌላውን የሚጠራው።

ይህን መጀመሪያ ያሰበው ማን ነው?

እኔ ፈጠርኩት የሚል አንድ ሰው የለም። ነገሩ የተጀመረው ግን ከጣዕም ይልቅ ከሕክምና ይመስላል።

በ2ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ግሪካዊ ሐኪም ጋሌን ያስተማረው ትምህርት አውሮፓን ከ1 ሺህ ዓመት በላይ ገዝቷል። በዚህ ትምህርት እያንዳንዱ ምግብ ሞቃት ወይም ቀዝቃዛ፣ ደረቅ ወይም እርጥብ ነው። ሜሎን ቀዝቃዛና እርጥብ ከሚባሉት ዋናው ነበር። ሆድ ውስጥ ይበሰብሳል፣ ትኩሳት ያመጣል ተብሎ ይፈራ ነበር። መፍትሔው ተቃራኒውን አብሮ መብላት ነው። ሞቃትና ደረቅ ከሚባሉት ውስጥ በጨው የደረቀ ሥጋና ጠንካራ ወይን ጠጅ ቅርብ ነበሩ።

ፍርሃቱ የምር ነበር። የሮማው ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 2ኛ እ.ኤ.አ. በ1471 በድንገት ሲሞቱ፣ ማታ ሜሎን አብዝተው በልተው ነው ተብሎ ተወራ። ሐኪሞቹ ስለ ሜሎን ተሳስተዋል። ምግቡ ግን ጣፍጦ ቀረ፤ ዛሬ ማንም ለመድኃኒትነት አይበላውም።

አሳማ አልበላም። ይህ ምግብ ለእኔ አይሆንም ማለት ነው?

በጣም የሚደጋገም ጥያቄ ነው፤ ተገቢም ነው። ከአንባቢዎቻችን ብዙዎቹ፣ ኦርቶዶክስም ሙስሊምም ቤተ እስራኤልም፣ አሳማ አይበሉም። መልሱ ግን ደስ የሚል ነው። አውሮፓ ውስጥ ከበሬ ሥጋ የሚሠሩ፣ ራሳቸውን የቻሉ፣ የማንም ምትክ ያልሆኑ ደረቅ ሥጋዎች አሉ።

የመጀመሪያው ብሬሳዎላ ነው። ከስዊዘርላንድ ድንበር አጠገብ ከምትገኘው ከቫልቴሊና ሸለቆ ይመጣል። የበሬ የኋላ ታፋ በጨው፣ በቁንዶ በርበሬና በሌሎች ቅመሞች ይታሻል፤ ከዚያ ከ4 እስከ 8 ሳምንት ድረስ ይደርቃል። ቀለሙ ደማቅ ቀይ ነው። ስብ የለውም ማለት ይቻላል። ይህ ነገር አበላሉን ይለውጠዋል። ፕሮሹቶ የራሱ ስብ አለው፤ ብሬሳዎላ ግን ጥቂት የወይራ ዘይትና ሎሚ ይፈልጋል። ከሜሎን ይልቅ ከፒር ጋር የበለጠ ይስማማል። ቀጭን የፒር ቁራጭ፣ ብሬሳዎላ፣ የሎሚ ጠብታ፣ የተፈጨ ቁንዶ በርበሬ። እኔ ይህን ከብዙ ሜሎን በፕሮሹቶ አስበልጠዋለሁ።

ሁለተኛው የስፔኑ ሴሲና ነው። ታዋቂው ከሰሜን ምዕራብ ስፔን፣ ከሌዮን ይመጣል። የበሬ ታፋ በጨው ይያዛል፤ በኦክ እንጨት ጭስ ይታጠናል፤ ለወራት ይደርቃል። ጭሱ ከበለስ ጋር ሲገናኝ ድንቅ ነው። ለሜሎንም ይሆናል። ከበሬ ሥጋዎቹ ውስጥ ለፍራፍሬ አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል ሴሲናን እመርጣለሁ። የስዊሶቹ ቡንድነርፍላይሽም የዚሁ ቤተሰብ ነው። እየደረቀ ስለሚጨመቅ ቅርጹ አራት ማዕዘን ነው።

የቱርክና የአርመን ፓስቲርማም የበሬ ነው፤ ብዙ ቦታ ይገኛል። ውጪው በአብሽ፣ በነጭ ሽንኩርትና በቀይ በርበሬ የተለወሰ ነው። ሽታው ለአበሻ አፍንጫ እንግዳ አይደለም። ለሜሎን ግን ጉልበቱ ይበዛበታል። ከእንቁላል ጋር ብሉት።

የሰሜን ጣልያን አይሁዶችም ይህን ጥያቄ ከእኛ በፊት መልሰውታል። አሳማ ስለማይበሉ ከዝይ ሥጋ ፕሮሹቶና ሳላሜ ሲሠሩ ኖረዋል። ዛሬም የዝይ ፕሮሹቶ ከበለስ ጋር የሚያቀርቡ ምግብ ቤቶች አሉ። በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ ደግሞ የዳክዬ ደረት በጨው ይደርቃል፤ ከኮክና ከበለስ ጋር ይበላል።

አሁን ጥንቃቄው። ብሬሳዎላ ከፈረስ ሥጋም ይሠራል። ጣልያን ውስጥ ይህ የተለመደ ስለሆነ ማሸጊያው ላይ «ካቫሎ» የሚል ካያችሁ የፈረስ ነው። «ቦቪኖ» ወይም «ማንዞ» የሚለው የበሬ ነው። አስተራረዱ ለሚያሳስባችሁም የሐላል ማረጋገጫ ያለው ብሬሳዎላ ይሸጣል። በሱቅ በማሽን የሚቆረጥላችሁ ከሆነ ማሽኑ አሳማም እንደሚቆረጥበት አስቡ። አዲስ የታሸገ መግዛት ይሻላል።

ቋንጣስ?

ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ዘመድ ነው። ግን ቋንጣ ተዘልዝሎ በቀጭኑ ስለሚሰቀል እስከ ውስጡ ይደርቃል። እነዚህ ሥጋዎች ሳይዘለዘሉ ስለሚደርቁ መሐላቸው እርጥበት ይቀራል። ሲቆረጡ ለስላሳ የሚሆኑት ለዚህ ነው። ቋንጣው ሚጥሚጣ ከገባበት ደግሞ ሜሎኑ አይሰማም። ቋንጣን ለፍርፍሩ ተዉት።

በጾም ወቅት የሚሆን ነገር አለ?

አለ፤ ግን ሥጋ የለውም። ሲሲሊ ውስጥ ብርቱካን ተልጦ በክብ በክብ ይቆረጣል። ጥቁር ጨዋማ የወይራ ፍሬ፣ ቀጭን ሽንኩርትና የወይራ ዘይት ይጨመርበታል። ሰላጣ ነው። ጨውና ጣፋጭ የሚያደርጉት ነገር እዚህም አለ፤ ጾሙም አይፈርስም።

ከጾም ውጪ፣ እስራኤል ያላችሁ ደግሞ ሐብሐብ ከቡልጋሪያ አይብ ጋር ሲበላ አይታችኋል። እሱም ይኸው ሐሳብ ነው። ሥጋና ወተት ስለማይገናኙበት ለካሽሩትም፣ ለአይሁድ የምግብ ሕግ፣ ይሆናል።

ሜሎኑን እንዴት ልምረጥ?

ይህን ጥያቄ ቀድሞ የሚጠይቅ ሰው እወዳለሁ። ብዙ ሰው ውድ ፕሮሹቶ ይገዛና ያልበሰለ ሜሎን ላይ ያባክነዋል። መሆን ያለበት የተገላቢጦሹ ነው። መካከለኛ ፕሮሹቶ በጥሩ ሜሎን ይድናል። ጥሬ ሜሎንን ግን የትኛውም ፕሮሹቶ አያድነውም። ዱባ በጨው እንደመብላት ነው።

የሚፈለገው ውስጡ ብርቱካናማ የሆነው፣ ካንታሎፕ የሚባለው ቤተሰብ ነው። በመጀመሪያ አሽቱት። የሚሸተተው በግንዱ በኩል ሳይሆን በተቃራኒው፣ አበባው በነበረበት ጫፍ በኩል ነው። እዚያ የሜሎን ሽታ ከሌለ ውስጡም የለም። ከባድ ሽታ፣ የመፍላት ዓይነት ካለው ደግሞ አልፎበታል። ቀጥሎ በእጃችሁ መዝኑት። ከመጠኑ በላይ የሚከብደው ውሃውን የያዘው ነው። ከዚያ ቆዳውን እዩ። መረብ የመሰለ ቆዳ ካለው ከመረቡ ሥር ያለው ቀለም ከአረንጓዴ ወደ ቢጫ የሄደ ይሁን። የግንዱ ቦታም በቢላ የተቆረጠ ሳይሆን በራሱ የለቀቀ ቢሆን ይመረጣል። ሲበስል ከግንዱ ይላቀቃል።

አንድ ነገር እወቁ። ሜሎን ከተቀጠፈ በኋላ ስኳሩ አይጨምርም። ጠረጴዛ ላይ ብታቆዩት ይለሰልሳል፣ ሽታውም ይጨምራል፤ ጣፋጭነቱ ግን ማሳ ላይ ያገኘው ነው። በለስም እንዲሁ። ፒር ከሁለቱ ይለያል። ከዛፍ ከወረደ በኋላ ቤት ውስጥ ይበስላል፤ የሚበስለውም ከውስጥ ወደ ውጪ ነው። ስለዚህ የፒር አንገቱ አካባቢ በጣት ሲነካ ትንሽ ከለሰለሰ ደርሷል።

ከወቅቱ ውጪ አትድከሙ። አውሮፓ ውስጥ የሜሎን ወቅት ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። በጥር የሚሸጠው ከሩቅ የመጣ ነው፤ ብዙውን ጊዜም ሳይበስል የተቀጠፈ።

ከሜሎን ሌላ ምን ይሆናል?

በለስ። ሮም ውስጥ በነሐሴና በመስከረም «ፒዛ ቢያንካ» ይገዛል። ምንም ያልተቀባ፣ ዘይትና ጨው ብቻ ያለው ጠፍጣፋ ዳቦ ነው። ለሁለት ይሰነጠቃል። የበሰለ በለስ በሹካ ይደፈጠጥበታል፤ ፕሮሹቶ ይገባበታል። ዳቦው ትኩስ ከሆነ የፕሮሹቶው ስብ ይለሰልስና ከበለሱ ጋር ይዋሃዳል። በእኔ ግምት በዚህ ገጽ ካሉት ሁሉ ምርጡ ይህ ነው። ሜሎን ታዋቂ ነው፤ በለስ ግን ይበልጣል።

ወደ ሰሜን፣ ወደ ተራሮቹ ስትወጡ ፍሬውም ሥጋውም ይለወጣል። አልቶ አዲጄ የአፕል አገር ነው። የአካባቢው ደረቅ የአሳማ ሥጋ ስፔክ ይባላል። በጥድ ፍሬና በሌሎች ቅመሞች ታሽቶ በስሱ ጭስ ይታጠናል። ከኮምጣጣ አፕል ቁራጭና ከጥቁር ዳቦ ጋር ይበላል።

በአውሮፓ ክረምት፣ በብርዱ ወራት፣ ትኩስ ፍሬ ሲጠፋ የጣልያኗ ክሬሞና ከተማ ሰዎች ሞስታርዳ ያወጣሉ። ሙሉ ፍራፍሬ በስኳር ሽሮፕ ተቀቅሎ የሰናፍጭ ኃይል ይጨመርበታል። ሲታይ ከረሜላ ይመስላል፣ ሲበላ አፍንጫ ይይዛል። ከተቀቀለ ሥጋ ጋር ነው በይበልጥ የሚቀርበው። ሰናፍጭ ወዳድ ካላችሁ ፈልጉለት።

ስፔኖች ሜሎን የሚበሉት ሃሞን ከሚባለው የራሳቸው ደረቅ የአሳማ ታፋ ጋር ነው። ሜሎናቸው ቆዳው አረንጓዴና ዝንጉርጉር፣ ውስጡ ነጣ ያለ ነው። ለዚህ ተራው ሃሞን ሴራኖ ይበቃል። በኦክ ፍሬ የደለበውን ውዱን ኢቤሪኮ ካገኛችሁ ሜሎን አታስጠጉበት፤ ለብቻው ይበላ። ፈረንሳዮች ደግሞ የባዮንን ደረቅ የአሳማ ታፋ ከካቫዮን ሜሎን ጋር ያቀርባሉ። ካቫዮን ስለ ሜሎኗ ትኮራለች፤ ታሪክም አላት። ደራሲው አሌክሳንደር ዱማ እ.ኤ.አ. በ1864 ለከተማዋ ቤተ መጻሕፍት መጻሕፍቱን ሲሰጥ በምላሹ በየዓመቱ 12 ሜሎን ጠየቀ። ከተማዋም እስኪሞት ድረስ ላከችለት።

እንግሊዞች የደረቀ ፕሪም በቤከን ጠቅልለው ምድጃ ውስጥ ያስገባሉ። ስፔኖች ያንኑ በቴምር ያደርጋሉ። ይጣፍጣል፤ ግን ቤከን እንደ ፕሮሹቶ ሳይበስል አይበላም።

ፓፓያና ማንጎ ቢሆንስ? አናናስስ?

በደንብ የበሰለ ፓፓያ ሎሚ ተጨምቆበት ለሜሎን ቦታ ይሆናል። ማንጎም ቃጫ ከሌለው ይሄዳል። ትኩስ አናናስ ግን ፕሮቲን የሚያፈርስ ኤንዛይም አለው። ሥጋው ላይ ከቆየ ያላሽቀዋል። ከተጠቀማችሁም ወዲያው ብሉት።

ስንት ሰው ላይ ስንት ልግዛ? እንዴት ላቅርብ?

ለ4 ሰው አንድ መካከለኛ ሜሎንና ከ100 እስከ 120 ግራም ፕሮሹቶ ይበቃል። ለአንድ ሰው ሁለት ሦስት ቅጠል፣ ማለትም ስስ ቁራጭ፣ ይደርሰዋል። ከዚያ በላይ ከሆነ ጨው ይበዛል።

ሜሎኑን ታጥቦ፣ ፍሬው ወጥቶ፣ ቆዳው ተልጦ በጨረቃ ቅርጽ ቁረጡት። ውፍረቱ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ይሁን። ቀዝቀዝ ይበል እንጂ በረዶ አይሁን። በጣም የቀዘቀዘ ነገር ጣፋጭነቱ አይሰማም፤ ሽታውም ይተኛል። ፕሮሹቶውን ደግሞ ከመቅረቡ 20 ደቂቃ ቀደም ብላችሁ ከፍሪጅ አውጡት። ስቡ ሲለሰልስ ነው ጣዕሙ የሚመጣው። ቅጠሎቹን አንድ በአንድ አላቁና እየተጨማደዱ ይውደቁ፤ ተጭነው አይነጠፉ።

ሜሎኑ ላይ የምታደርጉት ልትበሉ ስትሉ ነው። ግብዣ ላይ ብዙ ሰው ጠዋት ጠቅልሎ፣ በስቴኪኒ ወግቶ ያስቀምጣል። ጨው የሜሎኑን ውሃ ይስባል፤ ሥጋው ይርሳል፣ ይንሸራተታል፣ ቀለሙ ይጠፋል። ለየብቻ አዘጋጅታችሁ እንግዳ ሲመጣ አገናኟቸው። ሁለት ደቂቃ ነው የሚፈጀው።

ማር፣ ባልሳሚክ አቼቶ፣ አይብ ልጨምርበት?

ሜሎኑ ጥሩ ከሆነ ምንም አትጨምሩ። ቢበዛ ቁንዶ በርበሬ፣ ወይም ሁለት ቅጠል ናና። ማር በጣፋጭ ላይ ጣፋጭ መደረብ ነው። ፒር ላይ ግን ፓርሚጃኖ ቢፋቅበት አልቃወምም።

ዳር ዳሩን ያለውን ነጭ ስብ ላውጣው?

አታውጡት። ሽታውና ልስላሴው ያለው እዚያ ነው።

ቁራጩ ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ አየሁ። ሻጋታ ነው?

አይደለም። ሥጋው መሐል ያለው ጠንከር ያለ ነጭ ነጥብ ታይሮሲን የሚባል አሚኖ አሲድ ነው። ፕሮቲኑ ሲፈራርስ ወጥቶ ይሰባሰባል። ብዙ ጊዜ የቆየ መሆኑን ያሳያል፤ ያረጀ ፓርሚጃኖ ውስጥም አለ። ፀጉራም የሆነ፣ አረንጓዴ ወይም ጥቁር ነገር የታሸገ ቁራጭ ላይ ካያችሁ ግን ጣሉት።

ለጤና እንዴት ነው?

በልኩ ከሆነ ለብዙ ሰው ችግር የለውም፤ ዕለታዊ ምግብ ግን አይደለም። የፓርማ ፕሮሹቶ በ100 ግራም ውስጥ ከ4 እስከ 6 ግራም ያህል ጨው አለው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ጎልማሳ በቀን ከ5 ግራም በታች ይመክራል። ስለዚህ 50 ግራም የበላ ሰው የቀኑን ጨው ግማሽ ጨርሷል። ደም ግፊት ያለባችሁ ይህን ሒሳብ ያዙ። የድርጅቱ የካንሰር ጥናት ተቋምም እ.ኤ.አ. በ2015 እንዲህ ያሉ የተቀነባበሩ ሥጋዎችን ለአንጀት ካንሰር ምክንያት ከሚሆኑት መድቧቸዋል። በየቀኑ የሚበላ 50 ግራም አደጋውን በ18 በመቶ ገደማ ከፍ ያደርጋል ብሏል። ይህ የበሬውንም ይጨምራል።

ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ ያልበሰለ ደረቅ ሥጋ ይቅርባችሁ። ሊስቴሪያና ቶክሶፕላዝማ የሚባሉ ተሕዋስያን ስላሉ ሐኪማችሁን ጠይቁ። ሜሎኑም ንጹሕ ነው ብላችሁ አትዘናጉ። እ.ኤ.አ. በ2011 አሜሪካ ውስጥ በሊስቴሪያ የተበከለ ካንታሎፕ ከ30 በላይ ሰው ገድሏል። ቆዳው ላይ ያለው ነገር በቢላው ወደ ውስጥ ይገባል። ሳትቆርጡት በፊት በሚፈስ ውሃ በብሩሽ እሹት። የተቆረጠውንም ከሁለት ሰዓት በላይ ውጪ አታቆዩ።

ቤት ውስጥ ማድረቅ እችላለሁ?

ሙሉ ታፋ፣ አይመከርም። ሙቀቱና እርጥበቱ ለወራት ካልተመጠነ ውስጡ ይበሰብሳል፤ ቦቱሊዝም የሚባለው ከባድ መመረዝም ሊመጣ ይችላል። ከሚያውቅ ሰው ግዙ።

ከጣልያን ወደ አሜሪካ በሻንጣ ይዤ ብሄድስ?

የአሳማ ሥጋ ውጤት አብዛኛውን ጊዜ ይወረሳል። ለጉምሩክ ያልተናገረ ሰው ደግሞ ይቀጣል። ፓርማ ፕሮሹቶ ራሱ ለንግድ አሜሪካ እንዲገባ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1989 ነው። የአሳማ በሽታ ፍርሃት ነበር ያገደው። ዛሬ እዚያው በሱቅ ስለሚገኝ ለሻንጣው አትጨነቁ።

ከምን ጋር ይጠጣል?

ፓርማ ውስጥ ከአካባቢው ኮረብታ የሚመጣ፣ አረፋ ያለው ማልቫዚያ ነጭ ወይን ይቀርባል። ፕሮሴኮ የሚባለው አረፋማ ነጭ ወይንም ይሄዳል። አፍ የሚያደርቅ ከባድ ቀይ ወይን አትክፈቱ። ፈረንሳይ ውስጥ የሜሎኑ ጉድጓድ ውስጥ ፖርቶ ወይን የሚጨምሩ አሉ። እኔ አልወደውም፤ ሜሎኑን ያሰክረዋል እንጂ አያጣፍጠውም። አልኮል የማትጠጡ ከሆነ እንደ አምቦ ያለ ጋዝ ያለው ውሃ በሎሚ ይበቃል። ለስላሳ መጠጥ አታድርጉት፤ ጣፋጩ ከሜሎኑ ይምጣ።

ተርፎ ያደረውን ምን ላድርገው?

የደረቀውን ፕሮሹቶ ያለ ዘይት መጥበሻ ላይ ጣሉት። በአንድ ደቂቃ ይንኮሻኮሻል። ፓስታ ላይ፣ እንቁላል ላይ፣ ሰላጣ ላይ ይበተናል። ጣልያን ያላችሁ ደግሞ ሱቁን «ጋምቡቾ» ብላችሁ ጠይቁ። በማሽን ለመቁረጥ የማይመቸው የታፋው ጫፍ ነው፤ ርካሽ ነው። የባቄላ ወይም የአደንጓሬ ሾርባ ውስጥ ሲቀቀል ሌላ ጨው አያስፈልግም።

የተረፈውን ሜሎን ከድናችሁ ፍሪጅ አስገቡት፤ በሦስት ቀን ውስጥ ይበላ። ከለሰለሰባችሁ ከሎሚና ከትንሽ ጨው ጋር ፍጩትና አቀዝቅዛችሁ በሳህን አቅርቡት። ያንን የተንኮሻኮሸ ፕሮሹቶ ወይም ሴሲና በላዩ ፈርፍሩበት።